ጓደኛሽን ሳይክል ለማስለመድ መጀመሪያ ፔዳሉን ፍቺው

ሳይክል መንዳት የለመድኩት በ31 ዓመቴ፣ ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ሴቶች አስተምሬያለሁ። አንዷንም «ለጤና ጥሩ ነው» ብዬ አላመጣኋትም፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ብዙዎቻችንን የሚያስፈራን መውደቁ ሳይሆን ስንወድቅ የሚያየን ሰው ነው።

ስለዚህ ጓደኛሽን ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ጭር ወዳለ ሜዳ ውሰጃት። እሑድ አይሁን፤ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ልጆችም ቤት ይቅሩ፤ ከማንም በላይ የሚስቁት እነሱ ናቸው።

ሳይክሉን ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። መሃል ብረቱ ዝቅ ያለው፣ «የሴት» የሚባለው ዓይነት ከተገኘ ለመውጣትም ለመውረድም ይቀላል። ከዚያ በ15 ቁጥር ቁልፍ ፔዳሎቹን ፍቺ። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፤ የግራው ግን ተቃራኒ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቀው ቆይቼ ጎሚስታው ስቆብኛል።

ኮርቻውን ሁለት እግሮቿ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ አድርጊላት። ተቀምጣ በእግሯ እየገፋች ትሂድ፣ ቀስ በቀስም እግሯን አንስታ ትንሸራተት። ከኋላ ይዘሽ አትሩጪ፤ አንቺን ትተማመናለች እንጂ ሚዛን አትለምድም። ፊት ጎማው ላይ ካፈጠጠች መሪው ይወላገድባታል፣ ስለዚህ ራቅ ያለ ዛፍ አሳያት። አሥር ሜትር ያህል እግሯ መሬት ሳይነካ ከሄደች ፔዳሉን መልሺ። ፍሬኑን ደግሞ ሁለቱንም በቀስታ መያዝ ትልመድ፤ የፊቱን ብቻ ድንገት ከያዘች በመሪው ላይ ትገለበጣለች።

መንዳቱን ከለመደች በኋላ ኮርቻውን ከፍ ማድረግ እንዳትረሺ። ተረከዟ ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሯ ቀጥ ማለት አለበት። ሁለት ተማሪዎቼ «ጉልበቴን አመመኝ» ብለው ሊተዉት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ኮርቻውን እንደ መጀመሪያው ቀን ትቼዋለሁ። ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኝ ሱሪዋን ትጠቅልል፤ ነጠላም ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

«ይሄ የሴት ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ከትግራይ የወጣችውን እየሩ ገብሩን እጠራለሁ፤ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን በሴቶች የጎዳና ላይ የሳይክል ውድድር ተሳትፋለች። ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ካላሉም መንገዱን መቀጠል ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ወደተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ውሰጃት። 380 ሜትር ነው፤ ጠዋት የወንዙ ነፋስ ፊት ላይ ሲመጣ ሳይክል ለምን እንደሚወደድ ያን ጊዜ ይገባታል። ባለፈው እትዬ የምላቸውን የ52 ዓመት ጎረቤቴን ይዤ ሄጄ፣ መሃል ላይ «ቆም ብለን ዓባይን እንይ» ብላቸው፣ «ከቆምኩማ ማን ያስነሳኛል!» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።