የአራት ኪሎን ዳገት የሚችል፣ ወገብ የማያሳምም የኤሌክትሪክ ሳይክል አመራረጥ

የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምሠራው አራት ኪሎ። በመሿለኪያ አድርጌ መስቀል አደባባይ እወጣለሁ። ከዚያ በአፍሪካ አዳራሽ፣ በሂልተን፣ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር አልፌ ቢሮ እደርሳለሁ። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አደባባዩ ድረስ ማንኛውም ሳይክል ይወስዳችኋል። ከሂልተን በላይ ያለው ዳገት ግን ሳይክሉንም ነጂውንም ይፈትናል።

አሁን የምነዳው ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የገዛሁት ስልክ ላይ አይቼ ነው። ዋቱ ትልቅ፣ ፍጥነቱ ትልቅ፣ መልኩም የሚያምር ነበር። ሳልቀመጥበት ከፈልኩ። ወር ሳይሞላ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው ይደነዝዙ ጀመር። ጠዋት ቢሮ ደርሼ የቡና ስኒ ሳነሳ በእነዚያ ሁለት ጣቶች ሙቀቱ አይሰማኝም ነበር። ጉልበቴንም ያመኝ ነበር።

ሰፈራችን የመኪናም የሳይክልም ጎማ የሚሠራ ጎሚስታ አለ። ሳይክሉን ወሰድኩለት። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ፣ «እህቴ፣ እስቲ ውጪበት» አለኝ። ወጣሁ። «ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች ልቀቂው።» ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቴ ገና እንደታጠፈ ነበር። «አየሽ፣ ዝቅ ብሎብሻል። ተረከዝሽ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት» አለኝ። ቁልፍ አምጥቶ ኮርቻውን ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። የጉልበቴ ሕመም በዚያው ሳምንት ለቀቀኝ።

እጄን ግን በቁልፍ ሊያስተካክለው አልቻለም። ፍሬሙ ለቁመቴ ረጅም ነው። መሪው ሩቅ ስለሆነ ጎንበስ እላለሁ፣ ክብደቴ በሙሉ መዳፌ ላይ ያርፋል፣ መዳፍ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ይጨፈለቃል። ይህን ሳውቅ ሸጥኩት።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ተቀመጡበት። የኮርቻውን ከፍታ በተረከዛችሁ ለኩ። ከዚያ መሪውን ይዛችሁ ክርናችሁን አስተውሉ። ትንሽ እጥፍ ብሎ ዘና ካለ ጥሩ ነው። ክርናችሁ ከተገተረ ሳይክሉ ረጅም ነው፣ ሻጩ «ይለመዳል» ቢላችሁም አትስሙት። ለከተማ ከፍ ያለና ጫፎቹ ወደ ነጂው የዞሩ መሪ ይሻላል። ጀርባ ቀና ይላል፣ የታክሲ በር ሲከፈትም ቶሎ ይታያችኋል። ኮርቻው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጣም ለስላሳና ሰፊ የሆነው ለሃያ ደቂቃ ደስ ይላል፣ ለሦስት ሰዓት መንገድ ግን አይሆንም። የመቀመጫ አጥንት ወደ ውስጥ ይሰጥምና ሥጋው መጨነቅ ይጀምራል። መካከለኛ ጠንካራ የሆነውን ምረጡ። ቀሚስ ለምትለብሱ ደግሞ መካከሉ ዝቅ ያለ ፍሬም ትልቅ እረፍት ነው። ነጠላ ከለበሳችሁ የኋላ ጎማው መረብ ወይም መከለያ ይኑረው፤ ጫፉ ቸርኬው ውስጥ ከገባ አደጋ ነው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ አየር ሲሳሳበት ይደክማል። የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ አይደክምም። የሚያደክመው ዳገት ነው። ሁለት ዓይነት ሞተር ታገኛላችሁ። አንዱ ጎማው መሀል የተገጠመ ነው፣ ሌላው ፔዳሉ ጋ። የጎማው ርካሽ ነው፣ ብዙ ጥገናም አይፈልግም፣ ለሜዳ ከተማ በቂ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ ግን ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት ይቀየራል። የመጀመሪያው ሳይክሌ ቤተ መንግሥቱ ጋ ሲደርስ ሞተሩ እጅ የማያስነካ ይሆን ነበር። የፔዳሉ ሞተር የሚጎትተው በሰንሰለቱና በማርሹ በኩል ነው። ማርሹን ስታቀሉለት እሱም ይቀለዋል። እንደኔ በየቀኑ ዳገት ካለባችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ይህን ግዙ። ከዋቱ ይልቅ የሞተሩን የማዞር ጉልበት የሚናገረውን፣ ኒውተን ሜትር የሚለውን ቁጥር ጠይቁ፤ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለከተማችን ዳገት ደህና ነው።

ፔዳል መምታታችሁን ለሞተሩ የሚነግረውን ሴንሰርም ጠይቁ። አንዳንዱ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው የሚያየው። ትንሽ ስትነኩት ዘልሎ ይነሳል፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ያስደነግጣል። እግራችሁ ምን ያህል እንደሚጫን የሚለካው ግን ከእናንተ ጋር እኩል ይሄዳል። ረጅም መንገድ ላይ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ባትሪ ስትገዙ ሻጩ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር እርሱት። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ሰዓት አባዙ፤ ባትሪው የሚይዘውን ጉልበት በዋት ሰዓት ታገኛላችሁ። የእኔ 36 ቮልት፣ 14 አምፔር ሰዓት ነው፤ 504 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ፔዳል እየመታሁ በሜዳ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። እኔ፣ ሳይክሉና ቦርሳዬ አንድ ላይ 100 ኪሎ እንሆናለን። ይህን ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ማውጣት ብቻ 27 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ የሞተሩ ብክነት ሲጨመር 35 ገደማ።

ይህ ስሌት ቢሾፍቱ ስሄድ ጠቅሞኛል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሷ ደግሞ ከእኛ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስትሄዱ ቁልቁለት ስለሚበዛ ባትሪው የማያልቅ ይመስላችኋል። ስትመለሱ ግን ለርቀቱ 450፣ ለዳገቱ 140 ጨምሩ። 590 ሆነ፣ ከሙሉ ባትሪዬም በለጠ። ስለዚህ ቻርጀሬን ይዤ ነው የምሄደው። ምሳ የምበላበትን ቤት አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ባለ 2 አምፔሩ ቻርጀር በሰዓት ከ70 እስከ 80 ዋት ሰዓት ይሞላል፤ ሐይቁ ዳር ሦስት ሰዓት ብቀመጥ ከ210 እስከ 240 ይጨምርልኛል። ሙሉ ባትሪም ቢሆን ለመመለሻው ብቻውን ስለማይበቃ የጎደለውን በእግሬ ጉልበት እሞላለሁ። እሑድ በጠዋት ውጡ። በሥራ ቀን የቃሊቲና የዱከም መንገድ በከባድ መኪና ይጨናነቃል።

ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ ባትሪው የሚነቀል ካልሆነ አትግዙ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለንም። ሳይክሉ 24 ኪሎ ነው፣ ባትሪው ግን ሦስት ኪሎ ገደማ። ሳይክሉን ታች ከጥበቃው አጠገብ አስሬ ባትሪውን በእጄ ይዤ እወጣለሁ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ባትሪውን የምትሞሉት ነቅታችሁ ሳላችሁ ይሁን፤ አልጋ አጠገብም ሆነ መውጫ በር ላይ አታድርጉት።

ጎማው 50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ይኑረው። ኮብልስቶን ላይ ከሾክ ይልቅ ሰፊ ጎማ ነው ወገብ የሚያድነው፣ ነፋሱን ትንሽ ቀንሱለት። ፍሬኑ ዲስክ፣ ከተቻለ በዘይት የሚሠራ ይሁን። ከእንጦጦ ስትወርዱ ከባድ ሳይክል በሽቦ ፍሬን መያዝ ጣት ያዝላል። ለክረምት ፓራፋንጎ ፊትም ኋላም አስገጥሙ። ሳይክሉ የዝናብ ፍንጣቂ የሚችል መሆኑንም ጠይቁ። መኪና በሚታጠብበት ኃይለኛ ውኃ ግን አታሳጥቡት።

ልትገዙ ስትሄዱ የምትሠሩበትን ልብስና ጫማ ልበሱ፣ ቦርሳችሁንም ያዙ። ሻጩን ዳገት ላይ ልሞክረው በሉት። ሜዳ ላይ ብቻ አሳይቶ የሚመልሳችሁ ከሆነ ሌላ ቤት ሂዱ። ዳገቱ መሀል ላይ ቁሙና እንደገና ተነሱ። አሥራ አምስት ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ ውረዱና ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ በአውራ ጣታችሁ ንኩ። ሁሉም ከተሰማችሁ ዋጋ መጠየቅ ትችላላችሁ።