አፕዴቱ ግማሽ ላይ ከቆመባችሁ

ትናንት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ቡና እየተፈላ ላፕቶፗን አየሁላት። የዊንዶውስ አፕዴቱ ሳምንት ሙሉ ይወርዳል፣ ሊጫን ሲል 61 ፐርሰንት ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ። የሞባይል ዳታዋን ሙልጭ አድርጎ በላው፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። እናንተም ከገጠማችሁ፣ ፎርማት ይደረግ ለሚላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ።

መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ላይ ስንት ጊጋ እንደቀረ እዩ። የእሷ 3 ብቻ ነበር፣ ሌላውን የሰርግ ቪዲዮ ሞልቶታል። 20 ጊጋ ያህል ክፍት አድርጉለት። ቀንና ሰዓቱም ይስተካከል።

እንደዚያም ሆኖ እምቢ ካለ፣ ብዙ ጊዜ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ተበላሽቶ የቀረ ፋይል አለ ማለት ነው። ስታርት ሜኑ ላይ ሰርቪስስ (Services) የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ስቶፕ በሉት፣ ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ እዚያ ውስጥ ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ዳውንሎድ የሚል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፉና ሰርቪሱን መልሳችሁ ስታርት አድርጉ። የግል ፋይላችሁን አይነካም፣ አትስጉ። ፎልደሩን ራሱን ግን ተዉት።

ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን፤ በተለይ እየተጫነ ሳለ መብራት ከሄደ ሌላ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ አዲስ ነገር ካልመጣለት ብልሽት አይደለም።

የእህቴ አፕዴት አቦል ላይ ጀምሮ በረካ ስንጠጣ ሪስታርት ጠየቀ።