ሰው ፍርሃት ሲማር አንጎሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን በኤምአርአይ እንዴት ይጠናል?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። ተመራማሪዎች ይህንኑ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠሩታል፤ የእባቡን ቦታ የሚይዘው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው።

መጀመሪያ ሁለት ምስሎች ምረጡ፤ ሰማያዊና ቢጫ ካሬ ይበቃል። ንዝረቱ የሚመጣው ከሰማያዊው ጋር ብቻ ነው። ቢጫውን ግን እንዳትንቁት። አንጎል ምንም ቢያይ ይሠራል፤ ፍርሃት የሚታየው በሁለቱ ልዩነት ነው። ለግማሾቹ ተሳታፊዎች ቀለሞቹን አቀያይሩ፤ አለዚያ ልዩነቱ ከቀለሙ ይምጣ ከፍርሃቱ አይለይም።

ቀጥሎ ንዝረቱን መጥኑ። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ጨምሩ፤ ተሳታፊው ራሱ «ይረብሻል፣ ግን አያምም» ሲል አቁሙ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ሰውየው በፈለገ ሰዓት ማቋረጥ ይችላል።

ተሳታፊውን ወደ ኤምአርአይ ማሽኑ ከማስገባታችሁ በፊት ብረት ፈትሹ፤ በሰውነት ውስጥ የተተከለም ካለ ጠይቁ። ባለ 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ማግኔት ቀልድ አያውቅም። የፈራ እጅ ስለሚያልበው፣ ጣቶቹ ላይ የላብ መለኪያ አድርጉ።

አሁን ምስሎቹን አሳዩ። ሰማያዊው በመጣ ቁጥር አትንዘሩ፤ አንዳንዴ ብቻ። ንዝረቱ ራሱ አንጎልን ስለሚያናውጥ፣ በትንተናው የምትጠቀሙት ንዝረት ያልመጣባቸውን ሰማያዊዎች ነው። በምስሎቹ መካከልም አሥር ሰከንድ አካባቢ ክፍተት ተዉ፣ እያለዋወጣችሁ። ኤምአርአይ እዚህ የአንጎልን ሥራ የሚያየው በደም ኦክስጅን ለውጥ በኩል ነው፤ ደሙ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፣ ጫፍ ለመድረስ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል።

በመጨረሻ የጭንቅላት እንቅስቃሴን አርሙና በቢጫው ጊዜ የተለካውን በሰማያዊው ጊዜ ከተለካው ቀንሱ (ቀለም ለተቀየረላቸው በተቃራኒው)። ሁሉም ሰው ከፍርሃት ጋር የምትያያዘውን፣ ለውዝ የምታክለውን የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላን ይጠብቃል። እኔ ግን ተረጋጉ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 27 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ጎልተው የወጡት ኢንሱላና የፊተኛው ሲንጉሌት የሚባሉ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ነበሩ፤ አሚግዳላ በአስተማማኝ ሁኔታ አልታየችም። አንዱ ግምት ቶሎ ትለምዳለች የሚል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ለብቻ ተመልከቱ።

ሲወጣ «ንዝረቱ ከየትኛው ጋር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ማወቅና መፍራት አንድ አይደሉም፦ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት፣ አሚግዳላዋ የተጎዳ ታካሚ ትክክለኛውን ምስል ለይታ ተናገረች። መዳፏ ግን አላላበም።