ወተት ለማይስማማቸው፦ በባዶ ሆድ ሳይሆን በምግብ መካከል

ወተት በጠጡ በግማሽ ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል ሆዳቸው የሚነፋ፣ የሚጮህና የሚቆርጣቸው ሰዎች፣ ወተትን ጨርሰው ከመተዋቸው በፊት አንድ ነገር ቢሞክሩ መልካም ነው፤ አንዱን ብርጭቆ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በቁርስ ግማሹን በእራት መካከል፣ ከጉርሻ ጋር እያፈራረቁ ይጠጡት እንጂ በባዶ ሆድ አይጨልጡት።

ሕመሙ የሚመጣው ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም በትንሹ አንጀት ውስጥ ስለሚያንስ ነው። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ይስባል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያብላሉትና ጋዝ ይፈጥራሉ። ምግብ አብሮት ሲኖር ግን ጨጓራ ወተቱን ቀስ በቀስ ስለሚለቀው፣ ያለው ጥቂት ኢንዛይም ሥራውን ለመሥራት ጊዜ ያገኛል።

አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ችግሩ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን መጠን ያለ ከባድ ሕመም ይችሉታል። ስለዚህ ወተትን ከነአካቴው እርም ማለት፣ በተለይ ካልሲየም በዋናነት ከወተት ለሚያገኝ ሰው፣ ችኮላ ይመስለኛል። እርጎ ደግሞ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቶሱን ለመፍጨት ስለሚያግዙ ይበልጥ ይስማማል።

ይህ ዘዴ ለወተት አለርጂ ፈጽሞ አይሠራም፤ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ጠብታም አይቀመስ። ክብደቱ የሚቀንስ ወይም በሰገራው ደም የሚያይ ሰውም ሐኪም ሳይመረምረው ጥፋቱን ሁሉ በወተት ላይ አይጣል።