የኦስካር እጩዎችንና አሸናፊዎችን ዝርዝር በአማርኛ ሳያዛቡ ለማውጣት

በአማርኛ የሚወጡ የኦስካር ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ዓመቱ፣ «ታጨ» የሚለው ቃልና ቆጠራው። ሦስቱንም ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ማስተካከል ይቻላል። ለምሳሌ የምንጠቀመው 97ኛውን ሥነ ሥርዓት ነው።

ርዕሱ ላይ ዓመት ብቻ አትጻፉ። በ2024 ለእይታ የበቃ ፊልም የተሸለመው በ2025 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ዕለቱ የዋለው በ2017 ዓ.ም. ነው። አንዱ «የ2024 ኦስካር»፣ ሌላው «የ2025»፣ ሌላው «የ2017» ሲል አንባቢ ሦስት የተለያዩ ሽልማቶች ይመስሉታል። ስለዚህ ተራ ቁጥሩን አስቀድሙ። ሥነ ሥርዓቱ ከተካሄደበት የኢትዮጵያ ዓመት ላይ 1920 ቀንሱ፦ 2017 ሲቀነስ 1920፣ 97። በፈረንጆቹ ዓመት ከሆነ የሚቀነሰው 1928 ነው። ይህ ስሌት ከ1934 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላሉት ሁሉ ይሠራል። ከዚያ በፊት ላሉት ግን አትመኑት፤ በ1930 ሁለት ጊዜ ተካሂዶ በ1933 ሳይካሄድ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት «ታጨ» ላይ ያለው ነው። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ እያንዳንዱ አገር አንድ ፊልም ይልካል፤ ከተላኩት 15 ይለያሉ፤ ከ15ቱ ደግሞ 5 ይመረጣሉ። እጩ የሚባሉት እነዚህ አምስቱ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ «አትሌቱ»ን፣ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን ልካለች፤ ሦስቱም «ለኦስካር ተልከዋል» እንጂ «ታጭተዋል» አይባልም። «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል፤ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። ያልሆነውን ስንጨምርላቸው በእርግጥ ያገኙትን ክብር እንሸፍንባቸዋለን። በትክክል የታጩትን ደግሞ ማለፍ አይገባም፦ አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ኔጋ በ89ኛው በመሪ ተዋናይት ዘርፍ፣ አቤል ተስፋዬ በ88ኛው በምርጥ ዘፈን ዘርፍ እጩ ነበሩ። አቤል በእጩነት የተመዘገበው በመድረክ ስሙ (ዘ ዊኬንድ) ሳይሆን በራሱ ስም ነው፤ በመድረክ ስሙ ብቻ የፈለገ አያገኘውም።

ቀጥሎ በየዘርፉ የማን ስም እንደሚጻፍ መለየት ነው። በትወና ዘርፎች የተዋናዩ ስም ይቀድማል፣ ፊልሙ ይከተላል። በምርጥ ፊልም የሚሸለሙት ፕሮዲውሰሮቹ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ እዚያ የሚገባው ፕሮዲውሰርም ከሆነ ብቻ ነው። በዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማቱ የሚመዘገበው በአገር ስም ነውና መስመሩ እንዲህ ይሁን፦

ዓለም አቀፍ ፊልም፦ ብራዚል፣ «አይም ስቲል ሂር» (ዳይሬክተር ዋልተር ሳሌስ) — አሸናፊ

አገሩን ከፊልሙ ቋንቋ አትገምቱ። በዚያው ዓመት «ኤሚሊያ ፔሬዝ» ታሪኩ ሜክሲኮ ውስጥ ሆኖ በስፓንኛ የተሠራ ቢሆንም የላከችው ፈረንሳይ ናት። በፋርስኛ የተሠራውን «ዘ ሲድ ኦፍ ዘ ሴክርድ ፊግ» ያቀረበችው ጀርመን ነበረች።

ቆጠራ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። አንድ ዘርፍ ውስጥ ለአንድ ፊልም ሦስት ፕሮዲውሰሮች ቢጠቀሱ ፊልሙ የሚያገኘው አንድ እጩነት ነው። ከአንድ ፊልም ሁለት ዘፈኖች ወይም ሁለት ተዋንያን በአንድ ዘርፍ ቢታጩ ግን ሁለት ይቆጠራል። «ኤሚሊያ ፔሬዝ» 13 ጊዜ ታጨ ሲባል ዘርፎቹ 12 ናቸው፤ በዘፈን ሁለት ነበሩት። ያሸነፈው ግን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ረዳት ተዋናይትና ዘፈን። «አኖራ» በአንጻሩ በ6 ታጭቶ 5 ወሰደ። ከአምስቱ አራቱ፣ ማለትም ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ወጥ የፊልም ጽሑፍና ኤዲቲንግ፣ የዳይሬክተሩ የሾን ቤከር ናቸው። በ92ኛው የ«ፓራሳይት» ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆም አራት ሐውልት ተቀብሎ ነበር፤ የዓለም አቀፍ ፊልሙ ግን የተመዘገበው ለደቡብ ኮሪያ ስለሆነ የእሱ ተብለው የሚቆጠሩት ሦስት ናቸው።

ድምሩን በዚህ ፈትሹ፦ በ97ኛው 23 ዘርፎች ነበሩ። ምርጥ ፊልም 10 እጩ አለው፤ የቀሩት 22 ዘርፎች አምስት አምስት ነበሯቸው፤ በጠቅላላው 120። የእናንተ ዝርዝር 119 ካለው አንድ እጩ ዘላችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአጫጭር ፊልሞቹ። ከ98ኛው ጀምሮ የተዋንያን ምርጫ (ካስቲንግ) ዘርፍ ስለተጨመረ ዘርፎቹ 24 ሆነዋል። ሁለት እጩዎች እኩል ድምፅ ካገኙ ሁለቱም ያሸንፋሉ። በ41ኛው ካትሪን ሄፕበርንና ባርብራ ስትራይሳንድ በመሪ ተዋናይት እኩል ወጥተዋል፤ እንዲህ ሲሆን የአሸናፊዎች ቁጥር ከዘርፎቹ በአንድ ይበልጣል።

ሰዓቱንም አስቀድማችሁ አስሉ። 97ኛው የተካሄደው በአድዋ ድል ቀን፣ የካቲት 23 ነበር፤ በሎስ አንጀለስ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲጀምር አዲስ አበባ ለየካቲት 24 አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። በ96ኛው ግን አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች በዚያው ዕለት ሰዓታቸውን ወደፊት ስለገፉ። የሚገፉት በማርች ሁለተኛ እሑድ ነውና ሥነ ሥርዓቱ ከዚያ ቀን በፊት ከሆነ 9፣ በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ሰዓት ብላችሁ ተነሡ፤ ይህ የሚያገለግለው እዚያ 10 ሰዓት ላይ ሲጀምር ነው።

ሌሊቱን የእጩዎች ዝርዝር ተጽፎ ይጠብቃችሁ፤ ያኔ ሥራችሁ አሸናፊው አጠገብ ምልክት ማድረግ ብቻ ይሆናል። ያልተሸለሙትን አትሰርዙ፤ ከዓመታት በኋላ ዝርዝሩን የሚፈልግ ሰው እነሱንም ይፈልጋል። ምርጥ ፊልም ሲጠራ ደግሞ አትቸኩሉ። በ89ኛው መድረክ ላይ የተሰጠው የመሪ ተዋናይት ትርፍ ፖስታ ነበር፤ ፖስታዎቹ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅተው ከመድረኩ ግራና ቀኝ ይያዛሉና። «ላ ላ ላንድ» ተብሎ ተጠርቶ፣ የምስጋና ንግግር እየተደረገ ሳለ ነው አሸናፊው «ሙንላይት» መሆኑ የተነገረው። ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ልቀቁት። ሲነጋ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ካወጣው ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ፤ ያረማችሁት ነገር ካለ ምን እንደታረመ እዚያው ግርጌ ላይ ጻፉ።