የአየር ኃይል ዘመን ትዝታን ከባለቤቶቹ አንደበት ለማስቀረት

አባቴ ደብረ ዘይት በሚገኘው የሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ሰፈር የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ድምፃቸውን ለመቅዳት ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጥሁ ዕለት «አባባ፣ ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ» አልኋቸው። «አውሮፕላን እንጠግን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈን እዚህ ደረስን» ብለው ዝም አሉ። እኔም የማይነገር ነገር አለ ብዬ ተውሁት። ከወራት በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ሁለቱ ስለ አንድ የሞተር ብልሽት ሲከራከሩ ስሰማ፣ ያላስኬደኝ የእርሳቸው ዝምታ ሳይሆን የእኔ ጥያቄ እንደነበር ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የራሴን አባትም ሆነ የሌሎችን ባለታሪኮች ትዝታ ስሰበስብ የተማርሁትን፣ በአየር ኃይል ያገለገለ ሰው በቤታቸው ያለ ሁሉ እንዲጠቀሙበት እዚህ አስፍሬዋለሁ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የነበሩት ዛሬ ሰባውን አልፈዋል፤ ስለዚህ ሥራው ለከርሞ የሚባል አይደለም።

ከመጠየቃችሁ በፊት የዘመኑን ቅደም ተከተል በአእምሯችሁ ያዙ። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። ከነፃነት በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ያደራጁት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንና ሌሎች ስዊድናውያን ሲሆኑ፣ የዚያን ጊዜ ሰልጣኞች የሚያነሡት ሳፊርና ሳብ-17 የተባሉትን አውሮፕላኖች ነው። ከዚያ የአሜሪካኖቹ ቲ-28፣ ቲ-33፣ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5 መጡ፤ በ1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደ ኮንጎ የዘመቱትም አራት ኤፍ-86 አውሮፕላኖች ነበሩ። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሚግ-21ን፣ ቀጥሎም ሚግ-23ንና አንቶኖቭ-12ን እናገኛለን። ይህን ሁሉ እንደ ተማሪ መሸምደድ አያስፈልግም። ሆኖም ባለታሪኩ ዓመቱን ቢዘነጉ እንኳ የሠሩበትን አውሮፕላን ስም አይረሱምና፣ ስሙን የሰማ ሰው ወሬው በየትኛው ዘመን ላይ እንዳለ ለማወቅ አይቸገርም።

በእጅ ያለውን ወረቀትና ፎቶግራፍም አስቀድማችሁ ሰብስቡ። የበረራ መዝገብ፣ የኮርስ ምስክር ወረቀት፣ የሹመት ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ የሜዳይ ወረቀት፣ ከሥልጠና የተላከ ደብዳቤ ሁሉም ይጠቅማል። አንድ ሰው በወጣትነቱ አሜሪካ፣ በኋላም ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ሣጥን ውስጥ የእንግሊዝኛ፣ የሩሲያኛና የአማርኛ ሰነድ ተቀላቅሎ ብታገኙ አትደነቁ፤ የማታነቡትን ወረቀት «አይረባም» ብላችሁ እንዳትጥሉ ብቻ ተጠንቀቁ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ። በአማርኛ «ሰባ ሰባት» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ያንን ክፉ የድርቅ ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ በተሞላ መዝገብ ላይ ግን 77 ማለት የኦጋዴን ጦርነት የተፋፋመበት፣ በእኛ አቆጣጠር 1969 እና 1970 ዓ.ም. የሚሆነው ጊዜ ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይህን ሳይለዩ የአባታቸውን የውጊያ በረራዎች በሙሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ፊት ገፍተው ጽፈው አይቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ አጠገቡ በእኛ አቆጣጠር የሚሆነውን ጻፉ። የፈረንጆቹ ቀን ከእኛ መስከረም 1 እስከ እነርሱ ታኅሣሥ ማብቂያ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ እኛ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ስምንት ዓመት እንደሚቀነስለት አትርሱ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት የዙሉ ማለትም የዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ፣ ሦስት ስትቀንሱለት በእኛ አነጋገር የሚባለውን ሰዓት ታገኛላችሁ። 05:00 ዙሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በአገር ውስጥ የፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ከሆነ ግን የሚቀነሰው ስድስት ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ባለታሪኩ «ሲነጋጋ ተነሣን» ብለው የሚነግሯችሁ በረራ በስሌት ስህተት ምክንያት ከሰዓት በኋላ የተደረገ መስሎ ከተጻፈ፣ የሚቀጥለው አንባቢ የሚጠራጠረው እናንተን ሳይሆን እርሳቸውን ነው።

ወደ ጥያቄው ስንመጣ፣ ሰፊውን ትታችሁ ጠባቡን ጠይቁ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ለሚል ጥያቄ ማንም ሰው በቀላሉ መልስ አያገኝለትም። «ድሬዳዋ በነበሩ ጊዜ ጠዋት ማን ይቀሰቅስዎ ነበር? ቁርስ የት ትበሉ ነበር? አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በእጅዎ የሚነኩት የመጨረሻው ነገር ምን ነበር?» ብትሉ ግን እጃቸው ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አባቴን በመጨረሻ ያናገራቸው «አንድ አውሮፕላን ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር እናንተ መሬት ላይ ያላችሁት በምን ታውቁ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ነዳጁ የሚያደርሰውን ሰዓት ስለሚያውቁ ያ ሰዓት ሲያልፍ ማንም ሳይናገር መፍቻውን እያስቀመጠ ወደ ሜዳው መውጣት እንደሚጀምር፣ ያንንም ለአርባ ዓመት ለማንም እንዳልተናገሩት ነገሩኝ።

የባለታሪኩን ማዕረግ አክብራችሁ ጥሩ። ለእናንተ አጎት ቢሆኑም፣ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰው አብሮ ከተቀመጠ «ሻምበል» ወይም «ሻለቃ» መባላቸው ወንበራቸውን ቀና ያደርገዋል። ዓመት ሲሳሳቱ መሀል ገብታችሁ አታርሙ፤ ማስታወሻ ይዛችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ዝም ሲሉም ዝም በሉ።

በራሪዎችን ብቻ መቅዳት ትልቅ ጉድለት ነው። አንድ አውሮፕላን እንዲነሣ መካኒኩ፣ ትጥቅ ጫኙ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ ራዳር ላይ ያለው፣ ማማው ላይ ያለው፣ ፓራሹት የሚያጥፈው ሁሉ ድርሻ አለው። ከሁሉ በላይ ግን የሚዘነጉት ሚስቶችና እናቶች ናቸው። የጀግና ሜዳይ ተሸላሚው በራሪ ለገሠ ተፈራ በኦጋዴን ጦርነት ተማርከው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ተመልሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ዘመን ቤት ሆኖ የቆጠረው ቤተሰብ የራሱ የሆነ፣ ከምርኮኛው ታሪክ ጋር ሊተካካ የማይችል ታሪክ አለው። እናቶችን ጠይቋቸው፤ ደመወዙ እንዴት ይመጣ እንደነበር፣ የሰፈሩ ሴቶች መርዶን እንዴት ይቀባበሉ እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ከባድ ጉዳይም ይመጣል። አየር ኃይሉ የውጭ ወራሪን ብቻ አልተዋጋም፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ በገዛ ወገን ላይም ቦምብ ወርዷል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን በገበያ ቀን በተደረገው የአየር ድብደባ በርካታ ሰላማውያን አልቀዋል። የግንቦት 1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ከከሸፈ በኋላ ብዙ የአየር ኃይል ቤት አዝኗል፤ በ1983ም ሠራዊቱ ሲበተን አንዳንዱ አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ጎረቤት አገር ወጣ፣ ሌላው ያለ ሥራ ቀረ። እነዚህን ነገሮች ዘላችሁ የምትሠሩት ቅጂ የሠርግ አልበም ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አታንሷቸው፤ ስታነሡም እንደ መርማሪ ሳይሆን «ይህን ለመናገር ፈቃድዎ ነው?» ብላችሁ ይሁን። ከተናገሩ በኋላ የትኛው ክፍል ለልጆች ብቻ፣ የትኛው ለሁሉም፣ የትኛው ከእርሳቸው ሞት በኋላ እንዲሰማ እንደሚፈልጉ በራሳቸው ድምፅ እንዲያስቀምጡ አድርጉ። በቅርብ ዘመን ያገለገሉ ከሆኑም ስለ ሰፈርና ስለ ትጥቅ የሚናገሩትን ለራሳችሁ ያዙ።

ለመቅጃ ስልክ ይበቃል። ጥሪ እንዳያቋርጠው የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጠረጴዛው ሲነካ እንዳይንኳኳ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት፤ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አታድክሟቸው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያሉ የኮርስ ጓደኞቻቸውን በስልክ ብታገናኟቸው አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሣል። ፎቶግራፍ ስትለዋወጡ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ምስል ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የደረት ክንፍና የማዕረግ ምልክትም አይለይም። የቡድን ፎቶግራፍ ሲኖር በኮፒው ላይ እያንዳንዱን ሰው በቁጥር ምልክት አድርጋችሁ ስም፣ ማዕረግና ሥራ በሌላ ወረቀት ጻፉ። በዋናው ጀርባ መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ይተላለፋል። ቅጂውን ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱም ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።

በመጨረሻ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ መልሳችሁ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጋችሁ አትሙና ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ለባለታሪኩ ስጧቸው፤ አትቸኩሉባቸው። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ሳምንት ይዘው ቆይተው ሲመልሱልኝ፣ እኔ «አንድ ጓደኛቸው» ብዬ ባለፍሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የሰዎቹን ሙሉ ስም ከነማዕረጋቸው ሞልተውባቸው ነበር።