ቀይ ሽንኩርት በአዩርቬዳ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀይ ሽንኩርት መድኃኒት ነው የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ይመጣል። ለሳል ነው፣ ለፀጉር ነው፣ ለስኳር ነው። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «የህንዶች ጥንታዊ ሕክምና ነው» የምትል ነገር ትጨመራለች። እውነት ነው፣ የህንዱ ሕክምና አዩርቬዳ ሽንኩርትን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃል። የሚበላው ማን ነው? ሆዱ እንዴት ነው? ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን? እኛ ጋ ሲደርስ ጥያቄው ይቀርና ሽንኩርቱ ብቻ ይመጣል።

ስህተት 1፦ የነጩን ዝና ለቀዩ መስጠት

በሳንስክሪት የሕክምና መጻሕፍት ቀይ ሽንኩርት ፓላንዱ፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ላሹና ይባላል። ጠባያቸው የተጻፈው ለየብቻ ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. ሃሚልተን ባወር የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በኩቻ፣ በዛሬዋ ምዕራብ ቻይና፣ በዛፍ ልጣጭ ላይ የተጻፈ ጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፍ ገዝቶ ነበር። እዚያ ውስጥ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት የሚወደሰው ነጭ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ አንድ ምክር ስታዩ መጀመሪያ የትኛው ሽንኩርት እንደሆነ አጣሩ።

ስህተት 2፦ ለማንኛውም ሳልና ጉንፋን መጠቀም

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ምክሩን ከራሱ ከአዩርቬዳ ጋር ያጋጨዋል።

በአዩርቬዳ አካልን የሚመሩ ሦስት ኃይሎች አሉ። ቫታ ከንፋስና ከድርቀት፣ ፒታ ከሙቀትና ከሐሞት፣ ካፋ ከእርጥበትና ከአክታ ጋር ይያያዛሉ። በሽታ የሚባለው የእነዚህ ሚዛን ሲዛባ ነው። ከአዩርቬዳ ሁለት ትልልቅ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ የሆነው የቻራካ መጽሐፍ ስለ ቀይ ሽንኩርት ሲናገር ቫታን ያበርዳል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ይላል። ወዲያው ግን ለሆድ ከባድ ነው፣ ካፋንም ይጨምራል ይላል። አክታ የሚጨምር ነገር አክታ ለበዛበት ሰው እንዴት ይታዘዛል?

ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፍ፣ የሱሽሩታው፣ ትንሽ ለየት ይላል። ካፋን ብዙም አይጨምርም፣ ፒታን በትንሹ ከፍ ያደርጋል፣ የመፍጨት ኃይልንም ያጠነክራል ብሎ ጽፏል። ሊቃውንቱ ራሳቸው እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ቃል አልተናገሩም ማለት ነው። ሁለቱም የሚስማሙበት ቫታን በማብረዱና ጉልበት በመስጠቱ ነው። በእነሱ አስተሳሰብ ሽንኩርቱ የሚስማማው ለደከመ፣ ንፋስ ለሚያስቸግረው ሰው ነው። ደረቱ በአክታ የተሞላ ሰው ግን በመጽሐፉ መሠረት ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። ሳሉ ሳምንታት ከቆየ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ደም ከተቀላቀለበት ደግሞ ወደ ሐኪም ነው።

ስህተት 3፦ ማሩን አብሮ ማፍላት

የሽንኩርት ጭማቂ ከማር ጋር እሳት ላይ ሲንተከተክ የሚያሳዩ አሉ። ቻራካ ግን ማርን ከሙቀት ጋር ማገናኘትን አጥብቆ ይከለክላል። ስለዚህ ድስቱ ላይ የፈላው ነገር በአዩርቬዳ ስም ሊጠራ አይችልም። ዘመናዊው ሕክምና የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ መቅመስ የለበትም። ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ጣት ላይ ጠብ አድርጎ ማስላስም ያው ነው።

ስህተት 4፦ ቃር እያለ ጥሬውን መብላት

ጥሬ ሽንኩርት ቃር ያለበትን ሰው ያባብስበታል። ሆዳቸው ቶሎ የሚነፋ ሰዎችም ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል ነገር አይስማማቸውም። ፍሩክታን ሲበስልም አይጠፋም።

ስህተት 5፦ «አዩርቬዳ ሽንኩርት ይከለክላል» ብሎ ማመን

ዮጋ የጀመሩ ሰዎች ይህን ይሰማሉ። ክልከላው አለ፣ ምንጩ ግን ሃይማኖትና የተመስጦ ሕይወት ነው። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ሽንኩርትን ለላይኞቹ የህንድ ማኅበረሰብ ክፍሎች ይከለክላል። ጄይን የሚባለው የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ከመሬት ሥር የሚወጣ ስለሆነ አይበሉም። ክሪሽና የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልኩ ብዙ ሰዎችም አእምሮን ያነሳሳል ብለው ይተውታል። የሕክምና መጻሕፍቱ ግን እንዳያችሁት ጥቅሙንም ጉዳቱንም መዝግበውለታል። ስለዚህ ዮጋ ስለጀመራችሁ ብቻ ወጥ ያለ ሽንኩርት መሥራት አይጠበቅባችሁም።

ስህተት 6፦ ፀጉር ለሳሳበት ሁሉ ጭማቂውን መቀባት

ኢራቃውያን ሐኪሞች በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። 38 ሰዎች ተሳትፈውበታል። 23ቱ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ በቀን ሁለቴ ተቀቡ፣ ሌሎቹ ውኃ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከ23ቱ 20ዎቹ ፀጉራቸው መብቀል ጀመረ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን የታመሙት በላሽ ነበር፣ ማለትም ፀጉር በክብ በክብ እየተመለጠ በሚሄድበት ሕመም። ላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱም ይድናል። በዘር የሚመጣ መላጣ፣ ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር፣ በጥብቅ ሹሩባ የሸሸ ግንባር ሌላ ጉዳይ ነው። ጥናቱ እነሱን አልነካም። ቆዳችሁ ከተቃጠለ ወይም ከቀላ ወዲያው ታጠቡትና ተዉት።

ስህተት 7፦ ዓይንና ጆሮ ውስጥ መጨመር፣ ለሚደማ ነገር መተማመን

የሽንኩርት ጭማቂ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጆሮም ውስጥ አይገባም፣ ታምቡሩ ተቀዶ እንደሆነ ከውጭ አይታይምና። ቻራካ ፓላንዱን ለሚደማ ኪንታሮት ከሚሰጡት ምግቦች ጋር ያነሳዋል። በእሱ ዘመን የአንጀትን ውስጥ የሚያይ መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ ሰገራ ላይ ደም ያየ ሰው ኪንታሮት ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይመርመር። የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ያደማል።

ስህተት 8፦ «አዩርቬዳ» የሚል የታሸገ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት

ይህ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁና ከኢንተርኔት ለምትገዙ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በቦስተን አካባቢ ሱቆች የተሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው በ14ቱ ውስጥ መርዛማዎቹ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት አንድ ነገር ነው፣ በክኒን መልክ የተጠናከረው ሌላ። ደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ክኒኑን ከመጀመራችሁ በፊት ዕቃውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩት። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።